ድራፍት ስንል ቢራ አይደለም

እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ "ልጄ መጠጥ ጀመረ" ብላ ውስጥ ውስጡን ስትብሰለሰል እንደከረመች ያወቅኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ለካ ስልክ ላይ ሳወራ ትሰማኛለች፣ "ዘንድሮ የመጀመሪያውን ድራፍት ካላገኘን አለቀልን"፣ "አምና እኮ ሁለት ድራፍት ነበረን"፣ "ጋሼ ድራፍቱን አትንኩት ነው የሚሉት" ምናምን ስል፣ እሱም በጾሙ፣ እሱም እሁድ በጠዋቱ። ቡና እየቀዳች ድንገት "እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት ነው የምትጠጣው?" አለችኝ፣ እኔ ቡናውን መስሎኝ "ያው ሦስት ነዋ፣ እስከ በረካ" አልኳት። ከዛ በኋላ የሆነውን ተዉት።

ስለዚህ ይሄን ነገር እናጥራ። ድራፍት ያልነው ቢራውን አይደለም፣ የአይስ ሆኪውን ነው፣ ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበትን። አዎ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራት ሰዎች ሆነን የካናዳ ሆኪ እናያለን፣ እንከራከራለን፣ እንኳረፋለን፣ ከዛ ውሃ ስትመጣ ጀሪካን ስንሞላ ደረጃ ላይ ተገናኝተን እንታረቃለን። ሳቁ፣ ለምደነዋል።

ጥፋቱ የጋሼ ነው። ጋሼ ካልጋሪ ከተማ ሃያ ምናምን ዓመት ታክሲ ነድተው የተመለሱ ሰው ናቸው፣ አሁን እኛ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እህታቸው ጋ ነው ያሉት። የምንደግፈው የካልጋሪ ቡድን የፍሌምስ ሜዳ ሳድልዶም ይባላል፣ ጣራው መሀሉ ጎድጎድ ያለ ልክ የፈረስ ኮርቻ ነው፣ ከ1983 ጀምሮ እዛ ነው የሚጫወቱት (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እየቀነሳችሁ አንብቡ፣ ይሄን የጻፍኩትም በ2025 መጨረሻ ነው)። ጋሼ ጨዋታ ሲያልቅ ሰው ለመጫን በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሰላሳ፣ እና አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ ትርፍ ትኬት ሰጣቸውና ገቡ፣ አስር ደቂቃ አዩና "ይሄማ ገና ነው!" አሉ። የሰላሌ ልጅ ናቸው እኮ። ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ሲሰበሰብ ሜዳ ላይ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው ከእንጨት የተጠረበች ኳስ ሲያሳድዱ ነው ያደጉት፣ ስለዚህ በረዶውንና ጫማውን ብትተውላቸው ሌላው ሁሉ ይገባቸዋል፣ ግፊያውም፣ ቁርጭምጭሚት መመታቱም፣ ሽሙጡም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፣ ጋሼ ግን ይቆጣሉ፣ በጣም ነው የሚቆጡት።

ለማያውቅ ባጭሩ፣ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ በየቡድኑ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ ሩጫው ስለሚያደክም በየአርባ ምናምን ሰከንዱ እየተቀያየሩ ነው የሚገቡት። ኳሷ ደግሞ ኳስ አይደለችም፣ ፓክ ትባላለች፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታክል ጥቁር ጎማ ናት፣ 170 ግራም ገደማ፣ በረዶው ላይ እንዳትነጥር ብለው ከጨዋታ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩአታል። ጋሼ አንድ አለቻቸው። ጠርዟ በዱላ ተፋፍቆ ነጣ ነጣ ብሏል፣ ቡፌው ላይ ከእህታቸው የሰርግ ፎቶ አጠገብ ነው የምትቀመጠው፣ ጨዋታ ሲኖር ያነሷትና እንደ መቁጠሪያ በእጃቸው እያገላበጡ ያያሉ። ስንሸነፍ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ያስቀምጧታል። ያኔ ማንም ትንፍሽ አይልም።

የቀረነው ሦስት ነን። መምህሩ እዚሁ አካባቢ ሒሳብ ያስተምራል፣ ሆኪውን ራሱ ብዙም አይወደውም፣ የሚወደው ቁጥሩን ነው። ባጃጅ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ከሃዲ ነው፣ የኤድመንተን ኦይለርስ ደጋፊ። ባጃጁ መስታወት ላይ ከማርያም ስዕል ስር 97 ቁጥር ለጥፏል፣ የኮኖር ማክዴቪድን ማሊያ ቁጥር ማለት ነው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ግን የማኅበሩ ቁጥር ይመስለዋል። እኔ አራተኛው ነኝ።

ካልጋሪና ኤድመንተን አንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያሉ ከተሞች ናቸው፣ አልበርታ፣ መሀላቸው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኛ ሐዋሳ እንደማለት። ሲገናኙ የአልበርታ ጦርነት ነው የሚሉት። ቡናና ጊዮርጊስ ብላችሁ አስቡት፣ በዛ ላይ ተጫዋቾቹ ጓንት አውልቀው እንደሚደባደቡ፣ ዳኛውም ትንሽ አይቶ እንደሚያገላግል አድርጋችሁ ጨምሩበት። እና የፊታችን ቅዳሜ ማታ ይገናኛሉ። እነሱ ጋ ቅዳሜ ማታ በፈረንጅ 8 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ ማለትም ልክ ቅዳሴ ሰዓት፣ ማለትም የእናቴ ጉዳይ ገና አላለቀም።

እንግዲህ ጭቅጭቁ የተነሳው ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጋሼ ቤት ነው። ቆሎ ቀርቧል፣ ሻይ ተቀድቷል፣ መምህሩ ሻዩን ሳይነካው "እኔ እሁድ ብንሸነፍ ነው የምመርጠው" አለ።

ጸጥ።

የባጃጁ ልጅ ራሱ ደነገጠ፣ የተቃራኒ ደጋፊ ሆኖ ማለት ነው።

የመምህሩ ነገር እንዲህ ነው። የሆኪ ድራፍት ማለት 18 ዓመት የሞላቸውን ጎበዝ ልጆች ቡድኖች ተራ በተራ እየመረጡ የሚወስዱበት ነው፣ ልጁ ቡድን አይመርጥም፣ ቡድን ነው ልጁን የሚመርጠው፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሉት፣ አንዱ መቀሌ አንዱ ጅማ እንደሚደርሰው። ሰባት ዙር አለው። እና ደካማው ቡድን ይቅደም ነው ሕጉ፣ አለዚያ ሀብታሙ ሁሌ ሀብታም ይሆናላ። እኛ ልጅ ሆነን ሜዳ ላይ ስንከፋፈል እኩያ እኩያ ሆነን ገለል እንልና ስም እንሰጣጥ ነበር አይደል፣ "አንበሳ ወይስ ነብር?" ብለን ለአምበሎቹ እናቀርባለን፣ ማን ማን እንደሆነ ሳያውቁ ይመርጣሉ፣ ስለዚህ ጎበዝ ጎበዙ አንድ ጋ አይከማችም። ሐሳቡ ያው ነው፣ እኩል ለማድረግ።

ችግሩ ደካማ ይቅደም ካልክ ሆን ብሎ የሚደክም ይመጣል። ስለዚህ ከ1995 ጀምሮ ዕጣ አስገቡበት። 32 ቡድን ነው ያለው፣ 16ቱ ለዋንጫው ጥሎ ማለፍ ያልፋሉ፣ የቀሩት 16ቱ ዕጣው ውስጥ ይገባሉ። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው አስራ አራት ትንንሽ ኳሶች ይሽከረከሩና አራቱ ይወጣሉ። መምህሩ ይሄን ሲነግረን ዓይኑ በርቶ ነበር፣ ከአስራ አራት አራት ስትመርጥ 1,001 ጥምረት ይመጣል ብሎ የማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ እየሠራ አሳየን፣ አንዷን ይጥሉና አንድ ሺውን ለቡድኖቹ ያከፋፍሉታል፣ ለደካማው ብዙ፣ ለሻል ላለው ጥቂት። የመጨረሻ የወጣው ቡድን አንደኛውን የማግኘት ዕድሉ 25.5 በመቶ ነው፣ ዕጣው ቢከዳው እንኳ ከሦስተኛ በታች አይወርድም። ስለዚህ፣ ይላል መምህሩ፣ መሀል ላይ መንሳፈፍ ነው የገደለን፣ ፍሌምስ ካልጋሪ ከገባ ጀምሮ አንደኛ መርጦ አያውቅም፣ አንደኛ ይቅርና ከአራተኛ በላይ መርጦ አያውቅም። አምና 96 ነጥብ ይዘን ከሴንት ልዊስ እኩል ሆነን በማበላለጫ ነው የቀረነው፣ ለዋንጫው አላለፍን፣ ለዕጣውም አልረባን፣ የራሳችን ምርጫ 16ኛ ነበር፣ እሱም ቀድሞ ለሞንትሪያል ተሰጥቶ ነበር። ሁለት ዛፍ ላይ ሊወጣ የሞከረ ሰው ማለት እኛ ነን። ስለዚህ ከተጫዋቾቻችን ካድሪን እንሽጥ፣ አንደርሰንን እንሽጥ፣ እንውረድ፣ እና ያ ሁሉም የሚያወራለት ጋቪን ማኬና የሚባለውን የሰሜን ካናዳ፣ የዩኮን ልጅ እንጠብቅ።

ስለ ካድሪና አንደርሰን እውነት ለመናገር መምህሩ ቢያንስ ግማሽ ልክ ነው። ናዜም ካድሪ 35 ዓመቱ ነው፣ በ2022 ሰባት ዓመት በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርሞ የመጣ፣ አሁንም ይጫወታል፣ አሁንም ሰው ያናድዳል፣ ዋንጫ የሚፈልግ ቡድን ማርች መጀመሪያ ላይ ገበያው ሳይዘጋ ጥሩ ነገር ይሰጥበታል። ራስሙስ አንደርሰን ደግሞ ኮንትራቱ በዚህ ክረምት ያልቃል፣ ካልፈረመ በነጻ ነው የሚሄደው። ይሄን ሁሉም የሚያውቀው ነው፣ ጋሼም ያውቁታል። ጋሼን ያበገናቸው "ብንሸነፍ" የምትለዋ ቃል ናት።

"አንተ ልጅ" አሉት፣ ፓኳን እያገላበጡ፣ "ሰው አውቆ ይወድቃል?"

"ጋሼ፣ ሒሳብ ነው እኮ።"

"የምን ሒሳብ! እኔ በዛ ብርድ ቆሜ የጠበቅኩት ሒሳብ ነው? በ2004 ከተማው በሙሉ ቀይ ለብሶ መንገድ የወጣው ሒሳብ ሊሠራ ነው?"

2004 ከተነሳ በቃ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ማንም ያልጠበቀው ቡድን ይዘው ለፍጻሜ ደረሱ፣ ካፒቴኑ ጃሮም ኢጊንላ፣ አባቱ ከናይጄሪያ የመጡ ጥቁር ልጅ። ጋሼ ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፣ "እዛ አገር መጤ ሆነህ ስትኖር፣ ያ ሁሉ ነጭ የኢጊንላን ስም ጀርባው ላይ ጽፎ ሲሄድ ስታይ፣ የራስህ ልጅ እኮ ነው የሚመስልህ" ይላሉ። ለፍሌምስ ብቻ 525 ጎል ነው ያገባው። (ባጃጁ እዚህ ጋ ሁሌ "የተወለደው ኤድመንተን ነው" ብሎ ይገባል፣ እውነቱን ነው ደግሞ፣ ያናድዳል።) ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ካልጋሪ ብታሸንፍ ዋንጫው የሷ ነበር፣ ጌሊናስ የሚባለው እግሩ የነካት ፓክ በረኛው እግር ጋ መስመሩን ያለፈች ትመስላለች፣ ዳኞቹ አላጸደቁም፣ ጨዋታው እየተራዘመ ሄዶ ሁለተኛው ጭማሪ በተጀመረ በ33 ሰከንድ ተጋጣሚዋ ታምፓ አገባች። ሰባተኛውን 2 ለ 1 ተሸነፉ። ጋሼ ቪዲዮውን ስልካቸው ላይ አስቀምጠውታል፣ ሊፍት በሌለበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው "ተመልከት፣ ገብታ አይደለም?" ብለውኝ ያውቃሉ። ገብታለች ጋሼ፣ ምን ላድርግ ታዲያ።

አሁን በጣም የሚያቃጥለውን ልንገራችሁ። ያቺን የ33 ሰከንድ ጎል ያገባው ማን ነው? ማርታን ሳን ሉዊ። እሱ ደግሞ ከዛ በፊት የማን ነበር? የካልጋሪ! ቁመቱ አጭር ነው፣ ማንም በድራፍት አልመረጠውም፣ ካልጋሪ አስፈርማው ነበር፣ በ2000 አሰናበተችው፣ አራት ዓመት ቆይቶ መጥቶ ቀበራት።

ባጃጁ ይሄን ሁሉ እየሰማ ቆሎውን ጨረሰው። ከዛ "አንደኛ አንደኛ ትላላችሁ፣ እኛን ጠይቁን" አለ። እውነት ነው፣ ኤድመንተን በ2010፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2015 አንደኛ መርጣለች፣ በስድስት ዓመት አራት ጊዜ፣ እቁብ ሰብሳቢው ዘመዷ ነው ያስብላል። ያም ሆኖ ከ2006 በኋላ አስር ዓመት በተከታታይ ለጥሎ ማለፍ እንኳ አላለፈችም። የ2012ቱ ያኩፖቭ የት ገባ ብትሉ አሁን ማንም አያነሳውም። አራተኛው ማክዴቪድ ስለሆነ ብቻ ነው ቀና ያሉት፣ እሱንም ይዘው ከ1990 ወዲህ ዋንጫ የለም፣ በ2024 እና በ2025 ሁለቴ ፍጻሜ ደርሰው ሁለቴም ፍሎሪዳ ናት የሸኘቻቸው። "እና ማክዴቪድን አልፈልግም ልትል ነው?" አለው መምህሩ። "ኧረ አቦ፣ እሱንማ ባጃጄን ሸጬም እወስደዋለሁ" አለ። ይሄ ነው እንግዲህ የሱ መከራከሪያ።

መምህሩን ግን የያዘው በሌላ ነው። አምና በዕጣው ማን አንደኛ ወጣለት? ኒውዮርክ አይላንደርስ፣ አስረኛ ቦታ ላይ ሆኖ፣ 3.5 በመቶ ዕድል ይዞ። ያን ሁሉ ተሸንፎ የመጨረሻ የሆነው ሳን ሆዜ ሁለተኛ ተንሸራተተ። "25 ነጥብ 5 ማለት እኮ ከአራት ጊዜ ሦስቴ አይወጣልህም ማለት ነው፣ አንተ ራስህ አይደለህ የምታስተምረው" አለው ባጃጁ፣ መምህሩ ብዕሩን ዘጋው። ባጃጅ ነጂ ሲሉት ዝም ብሎ መሪ የሚይዝ እየመሰላቸው ነው፣ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ላይ ነው ያለው።

የኔን ሐሳብ ማንም አልጠየቀኝም ግን እናገራለሁ፣ ብሎጉ የኔ ነው።

እኔ ዕጣ አውቃለሁ። ይሄ የምኖርበት ቤት የዕጣ ቤት ነው። እናቴ በየወሩ እየቆጠበች ስንት ዓመት እንደጠበቀች እኔ ነኝ የማውቀው፣ ስሟ የወጣ ቀን እልልታው፣ የተቆረሰው ዳቦ፣ ጎረቤቱ እየመጣ "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ በቃ አለፈላችሁ" ሲል። ከዛ ቁልፍ ተቀብለን መጣን። ሊሾ እንኳ ያልነካው ወለል፣ የውስጥ በር የለ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳ የወጣ ባዶ ቧንቧ፣ እናቴ መሀል ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካክላ "በሉ እንግዲህ" አለች። ሁለት ዓመት ነው የፈጀው ያ "በሉ እንግዲህ"። መጀመሪያ አንዱን መኝታ ቤት ሴራሚክ አነጠፍን፣ ሌላውን በላስቲክ ጋርደን ኖርን፣ እቁቧ ሲደርሳት በር ገዛን፣ አንድ ክረምት ሙሉ መታጠቢያ ቤቱ በር መጋረጃ ነበር። ከኛ እኩል ዕጣ የወጣለት ከታች ያለው ሰውዬ ደግሞ ፊኒሺንጉን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ወዲያው በውክልና ሸጠው፣ አሁን እዚሁ ግቢ ሌላ ብሎክ ላይ ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ ጠዋት ጠዋት ስንገናኝ ዓይኑ ወደ ድሮ መስኮቱ ይሄዳል።

እና እኔ ፍሌምስን ሳስብ ያ ሰውዬ ነው ትዝ የሚለኝ። ዕጣ አልወጣልንም የሚለው የመምህሩ ለቅሶ አይገባኝም፣ ወጥቶልን ነው የሸጥነው። ሳም ቤኔት፣ በ2014 አራተኛ የመረጥነው፣ ካልጋሪ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛው ምርጫ ማለት ነው፣ ሰባት ዓመት አሻግረን አልጨረስነውም፣ በ2021 ለፍሎሪዳ ሰጠነው፣ በ2025 ዋንጫውን በላና የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። ማቲው ካቻክ፣ በ2016 ስድስተኛ፣ ረጅም ኮንትራት አልፈርምም አለ፣ እሱም ወደ ፍሎሪዳ፣ እሱም ሁለት ዋንጫ። በሱ ልውውጥ የመጣው ኡበርዶ ፍሎሪዳ እያለ በአንድ ዓመት 115 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ሲደመር) ያስመዘገበ ሰው እኛ ጋ የመጀመሪያ ዓመቱን 55፣ የፈረመው አዲስ ኮንትራት ግን በዓመት 10.5 ሚሊዮን ዶላር። ፍሎሪዳ ኤድመንተንን ሁለቴ ስታሸንፍ በኛ ልጆች ነው ያሸነፈችው፣ ይሄን ለባጃጁ ስነግረው ግማሽ ደስ ብሎኝ ግማሽ አሞኝ ነው።

ደግሞ በተቃራኒው እዩት። ዛሬ በራችን ላይ የሚቆመው ደስቲን ዎልፍ በ2019 ስንተኛ ነው የተመረጠው? 214ኛ። ከ217! ለበረኛ አጭር ነህ ተብሎ አዳራሹ ሊበተን ሲል ነው ስሙ የተጠራው፣ አምና የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሦስት እጩዎች ውስጥ ገባ። ነፍሱን ይማረውና የድሮው ኮከባችን ጆኒ ጎድሮ 104ኛ ነበር። ኢጊንላን ራሱ የመረጠችው ዳላስ ናት፣ በልውውጥ ነው የመጣው። ስለዚህ ብዙ ምርጫ ሰብስቡ እላለሁ፣ ሁለተኛ ዙርም ሦስተኛ ዙርም ይሁን፣ ካድሪንም በደህና ዋጋ ሽጡት፣ ልጆቹን ግን ሴራሚኩ እስኪነጠፍ ታገሷቸው። መሸነፍ አያስፈልግም፣ ሽንፈቱማ ሳንጠራውም ይመጣል።

ይሄን ስናገር ራሴን እያደነቅኩ ነበር። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዛ "ብሬት ሀልን ታውቀዋለህ?" አሉኝ።

ኧረ አውቀዋለሁ። ካልጋሪ በ1984 117ኛ የመረጠችው ልጅ፣ በ1988 ለሴንት ልዊስ ሰጠችው፣ እዛ ሄዶ ጨርሶ አበደ፣ ጫማውን ሲሰቅል 741 ጎል ነበረው። ከታሪክ ትልልቅ ጎል አግቢዎች አንዱን አሳልፈን ሰጠን ማለት ነው።

"በሱ ማን መጣ?"

"ራሜጅና ዋምስሊ።"

"በ89 ዋንጫውን ማን በላ?"

ካልጋሪ። ብቸኛዋ ዋንጫችን። ራሜጅም ዋምስሊም ቡድኑ ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ ምን ትላላችሁ፣ ልጁን ሽጠው ዋንጫ በሉ፣ የኔ ሴራሚክ ምናምን ሁሉ አፈር በላ። "የማይሸጥ ነገር የለም" አሉ ጋሼ፣ "ዋንጫ ከበላህበት ማንም አይጠይቅህም፣ ካልበላህ ግን እንደኔ ቪዲዮ ይዘህ ትዞራለህ።" መምህሩ ይሄን የሱ ድጋፍ አድርጎ ሊወስደው ሲል "አንተ ዝም በል፣ አንተ ልትሸነፍ ነው የፈለግከው" ብለው ቆረጡት።

ስለ እሁዱ ጨዋታ እንግዲህ። ዘንድሮ የት ደረጃ ላይ እንዳለን አልጽፍም፣ ዘመዶች ያነቡኛል። በመክፈቻው ጨዋታ ኤድመንተን ሜዳ ላይ ከ3 ለ 0 ተነስተን በመለያ ምት 4 ለ 3 አሸንፈናል፣ እሱን ጻፉልኝ፣ ባጃጁ ያን ቀን ስልኩን አጥፍቶ ነው የዋለው። ከዛ በኋላ የመጣውን ደግሞ እኔ ስልኬን ባጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። እሁድ ሁሉም ነገር የዎልፍ እጅ ላይ ነው። ማክዴቪድ ፓክ ይዞ ሲመጣ ተከላካይ ወደኋላ እየሄደ ሊይዘው አይችልም፣ ሌላው ሰው ዞሮ ፍጥነት ሲቀንስ እሱ ዞሮ ይጨምራል፣ እሱን ለማቆም መሀል ሜዳ ላይ ነው መንገዱን መዝጋት፣ ራሳችን ሜዳ ከገባ አለቀ። ደግሞ ጥፋት አለመሥራት። አንድ ጥፋት ሁለት ደቂቃ ያስወጣል፣ አራት ለአምስት ሆነህ ማክዴቪድና ጀርመናዊው ድራይሳይትል ፊትህ ሲቀባበሉ ያንን ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማየት ከባድ ነው። ካድሪ ደግሞ ጥፋት ሳይሠራ አያድርም፣ ጾም መያዝ አለበት ለአንድ ቀን።

ውርርድ አለ። ከተሸነፍን መምህሩ (በሽንፈቱ ስለሚደሰት) ለሁላችን ቁርስ ይገዛል፣ ጾም ስለሆነ ቅቤ የሌለበት ፉል ነው፣ እንጀራ ፍርፍርም ይቻላል። ካሸነፍን ባጃጁ አንድ ሳምንት 97ቷን በወረቀት ሸፍኖ ይሠራል። ማርያምን አስምሎታል ጋሼ፣ ስዕሏ ፊት።

ኔቱ ነው የሚያሳስበኝ። ባለፈው ልክ የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ሥዕሉ ቆመና ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች፣ ሲመለስ ሰዎች ተቃቅፈዋል፣ የማን ሰዎች እንደሆኑ ለማወቅ አምስት ሰከንድ ፈጀብን፣ የነሱ ነበሩ። አሁን ሁለት ስልክ ዳታ ሞልተን አንዱ ሲያንቀራፍፍ በሌላው ልንቀጥል ነው ያሰብነው።

እናቴ ደግሞ ነገሩ ሲገባት ሳቀች፣ ግን እሁድ ቅዳሴ ትቀራለህ ወይ የሚለው ላይ አልሳቀችም። "ከመጠጡ ይሄ ይሻላል" አለች፣ ቀጥላ "ግን በደንብ አይሻልም።" ጋሼ ራሳቸው ሄደው አናገሯት፣ የገና ጨዋታ ነው ብለው በሰላሌ አስጀምረው፣ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ውጤቱን ልነግራት ተስማማን።

ትናንት ማታ ጋሼ ፓኳን ፍሪዘር ውስጥ አስገቧት፣ እንደዛኞቹ ቀዝቅዛ ትደር ብለው፣ ከተፈጨው ሽሮ አጠገብ በላስቲክ ጠቅልለው። እህታቸው ከፍታ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ስትል ነው የሰማነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብሎኩ መብራት ጠፋ። ዛሬ ጠዋት ስወርድ ፍሪዘሩ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ በጋሼ ጽሑፍ፣ "እስከ እሁድ እንዳይከፈት።"